ከመቶ ዘጠና ስድስት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም። ባሌ ሙሐመድአወል «ቢልቂስ፣ አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም ከየት መጣሽ ትያታለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ከኮምቦልቻ ተነስተን፣ ጅጅጋ ሁለት ዓመት ቆይተን፣ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ አድርገን ሐርጌሳ የገባነው፣ በሰው አገር ቤት ተከራይተን የቆየነው በእሱ ሳቅ ሳይሆን በእኔ ጥርጣሬ ነው።

ጅጅጋ ዳርቻ ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ስንት ናችሁ፣ ስንት ክፍል አላችሁ፣ ከየት መጣችሁ አሉ። እሱ ወንበር አውጥቶ ሻይ አጠጣቸው፤ ያልጠየቁትን ሁሉ ጨምሮ ነገራቸው። በሳምንቱ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ፤ በወሩ ቤቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው አላምንም።

ሐርጌሳ ስንገባ ከተማው እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም አንዱ ግቢ አዲስ ቆርቆሮ ሲመታበት የጎረቤቱ ግድግዳ ገና በጥይት እንደተበሳሳ ነው። ለልብስ ሰፊ ጥሩ ጊዜ ነበር። የሚመለሰው ሰው ብዙ፣ ሠርጉ ብዙ፣ የሚከፈተው ትምህርት ቤት ብዙ። ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። መስኮት የላትም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። የስፌት መኪናውን ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጥን፤ ከመጋረጃው ጀርባ እንተኛለን። እኔ ጠዋት ጠዋት 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ለአንድ ያገራችን ቤተሰብ ልብስ አጥባለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ላይ እቆማለሁ። በር ላይ መቆም እወዳለሁ። ከዚያ ሆኜ መንገዱንም፣ ደንበኛውንም፣ ባሌንም አያለሁ።

በዚያ ዓመት በረጀብ ወር የባሌ ዓይን ቀላ። አቧራ ነው አለኝ። የሐርጌሳን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ውሸት አይመስልም። አንድ የእርዳታ ድርጅት የከፈተው የዓይን ክሊኒክ ሄዶ ጠብታ ተሰጠው። ቅላቱ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ጠፋ። «ተሻለኝ» አለ፤ እኔም ተሻለው ብዬ ተውኩት። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ። ዳሂር የሚባል የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሰማንያ ልጆች ዩኒፎርም ሰጥቶናል። ዓይኑን ለታመመ ልብስ ሰፊ ማን ጨርቁን ያምነዋል? ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ክፍሏ ከሄደች መውደቂያችን ከከተማው ዳር ያለው የተፈናቃዮች ሰፈር፣ አያሃ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ የቀን ሥራ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የት ይደርሳል?

ሔለን የመጣችው በቀጣዩ ወር፣ በሻዕባን አንድ ከሰዓት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ መነጽር አድርጋለች፤ ብብቷ ሥር ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱን ሳይ በሩ ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ቆምኩ።

«ከዓይን ክሊኒኩ ነው የመጣሁት። ጋሽ ሙሐመድአወልን ፈልጌ ነበር» አለች።

«ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም! ጥያቄ ልጠይቃቸው ነው።»

ባሌ ከውስጥ «ግቢ እህቴ፣ ግቢ» አለ። ይኸው፣ ጅጅጋ ተመልሶ መጣ። ወንበር ሳበላት። ሔለን ተቀምጣ አስረዳች። ዓይናቸው ውስጥ ብግነት ያለባቸውን ሰዎች እየዞረች ትጠይቃለች። ክዋሊቲ ኦፍ ላይፍ ይባላል አለች፤ የኑሮ ጥራት መለኪያ።

«ጥራት ያለው ጨርቅ እናውቃለን» አልኩ ከበሩ ላይ። «ኑሮ ደግሞ መቼ ነው መለካት የጀመረው?»

ባሌ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሳቀ። «በዚህ ከለካሽው አጭር ነው የሚሆንብሽ።»

ልጅቱም ሳቀች። «ሐኪሙ ዓይንዎን በመሣሪያ ያያል፤ እንዴት እንደሚኖሩ ግን መሣሪያው አያሳየውም። እሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ወረቀቱን ማን ያነበዋል?» አልኩ።

«ዶክተሩና ቢሮው። ስም አይጻፍበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

ቁጥርማ የባሰ ነው። ጅጅጋም በራችን ላይ የጻፉት ቁጥር ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ የውጭ ሰዎችን ሊመዘግቡ ነው፣ ሥራ የማይችለውን ወደ ድንበር ሊመልሱ ነው የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ይወራል። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እውነት ነው ብዬ ያዝኩት። ገብቼ ከባሌ አጠገብ ቆምኩ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መልስ ሰጪው ማን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

«በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ባሌ።

«ማለት… በጣም ጥሩ ልበለው ወይስ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ ካለ አለቀ» አልኩ። «ከዚያ በላይ ምን አለ?»

ጥቂት አሰበችና ወረቀቱ ላይ «በጣም ጥሩ» የሚለውን ከበበች። ዓይንዎን ያምዎታል? አልሐምዱሊላህ። ከበበች። በቅርብ የሚያዩትን ሥራ ለመሥራት ምን ያህል ይቸገራሉ? «ሰማንያ ዩኒፎርም የያዘ ሰው ምን ይቸገራል?» አልኩ። በዓይንዎ ምክንያት በሌላ ሰው ይረዳሉ? «ማን አለንና!» ስለ ዓይንዎ ይጨነቃሉ? «አላህ እያለ ባሪያው ምን ይጨነቃል?» እሱ በየመሐሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጣቶቹ ጨርቁን ያሻሉ። አንድ ሁለቴ አፉን ሊከፍት ሲል በክርኔ ነካሁት።

እንደኛ ባለ ሰው ቤት ደህና ነህ ወይ ለሚል ሰው ራስህ ቢፈነከት እንኳ አልሐምዱሊላህ ነው መልሱ። ያወቀ ጠያቂ ግን በዚያ አይነሳም። ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ደግሞ ይጠይቃል። እውነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። ሔለን አንድ ጊዜ ጠይቃ ወደሚቀጥለው ቁጥር ትሻገር ነበር። ይህን አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

መጨረሻ ላይ በጣቷ እየቆጠረች ደመረችው። «ዘጠና ስድስት ከመቶ! ጋሼ፣ እኔ ራሴ ይህን አላመጣም» አለች መነጽሯን ከፍ አድርጋ። ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኘኋት። በልቤ፣ ሄደሽ ይህን ጻፊ፣ እዚህ ቤት ውስጥ በሽተኛ የለም አልኩ።

ረመዳን ገባ፣ ረመዳን ወጣ። የባሌ ጠባይ ግን ተለወጠብኝ።

መጀመሪያ መኪናውን አዞረው። ለዘመናት ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ሲሰፋ የኖረ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ እኔ አደረገ። ቀጥሎ ጥቁር መነጽር ገዛ፤ ቤት ውስጥ ያደርገዋል። በሩ ላይ ቆሜ ሳናግረው ፊቱን ያዞራል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ትንሽ የቀረን ባልና ሚስት ነን፤ ሲቆጣም ሲስቅም ዓይኔን አይቶ ነበር። አሁን ግድግዳውን ያያል፣ ጄሪካኑን ያያል፣ እኔን አያይም። አንድ ቀን ጭራሽ ገበያ ውስጥ በሁለት ክንድ ርቀት አልፎኝ ሄደ። «አወል!» ብዬ ስጮህ ደንግጦ ዞረና «አላየሁሽም» አለ። አላየሁሽም! ቀይ ሻርፕ አድርጌ!

ነገር በዓይን ይገባል። ባሏ ዓይኗን ማየት የጠላ ሴት ምን ታስባለች? እናንተም ያሰባችሁትን ነው ያሰብኩት። እሱን ካሰብኩ በኋላ ደግሞ ሴትዮዋን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

ሀዎ ከእኛ ማዶ ጥግ ላይ ቴርሞሶቿን ደርድራ ሻይ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሶማሌ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርተሼክ ካምፕ ስለኖረች አማርኛ ትሞክራለች። መልከኛ ናት፤ አልዋሽም። እኔ ጠዋት ስወጣ እሷ ሻይ ይዛ ትገባለች፤ ይህን የነገረችኝ የአከራያችን ልጅ ናት። «በየቀኑ?» አልኳት። «በየቀኑ» አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለማስቀመጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «ትቆያለች» አለችኝ።

ረመዳን በወጣ በወሩ፣ በዙልቃዳ መጀመሪያ አንድ ማለዳ ልብስ ወደማጥብበት ልሄድ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ማስረጃ ፈልጌ ነው። ሁለቱም አልነበሩም፤ እሱ መስጊድ፣ እሷ ውኃ ልትቀዳ። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ፣ የክር ሳጥኑን ከፈትኩ። ሽቶ ወይም መሀረብ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት የመርፌ መሰኪያዋን ትንሽ ትራስ ነው። ሃያ መርፌ ተሰክቶባታል፤ ሃያውም ክር ገብቶላቸው፣ ጫፋቸው ተቋጥሮ። ሰማያዊው በአንድ ረድፍ፣ ነጩ በአንድ ረድፍ፣ ጥቁሩ በአንድ ረድፍ።

ባሌ ክሩን በምራቁ አርሶ በአንዴ መርፌ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነበር። ከአንድ መርፌ በላይ ክር አስገብቶ አያውቅም። ቋጠሮዎቹም የእሱ አልነበሩም፤ የሴት ጣት የቋጠራቸው ትናንሽ ቋጠሮዎች ናቸው። ትራሷን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

ሀዎ ጄሪካኗን እያወረደች ነበር። ትራሷን ቴርሞሶቿ መሀል ወረወርኳት። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞር አሉ። «ባሌን ምን እያደረግሽው ነው?»

ሀዎ ትራሷን አየች፣ እኔን አየች። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ተቀመጠች እንጂ።

«አስምሎኛል» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ወላሂ ብዬ ምያለሁ፣ ለቢልቂስ አልናገርም ብዬ። አንቺ አገኘሽ፤ እኔ አልተናገርኩም።»

«ምኑን?»

«የመርፌ ቀዳዳ አያይም። ጠዋት እኔ ክር አስገባለሁ። ልኩንም እኔ አነባለሁ። ሜትሩ ላይ ቁጥር አያይም።» ጣቷን ወደ ቤታችን አነሳች። «አንድ ልጅ እጅጌ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነ። ፈታነው። እኔ ፊት አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ… እኔ ምን ላድርግ?»

ሰዎቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ያዩኛል። ሀዎ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አነሳች፤ ያጎበጥኩትን አንዱን ለየችና ትራሷን እጄ ላይ አስቀመጠች። አፈርኩ። ከሀፍረቱ በላይ ግን ዘጠና ስድስት የሚለው ቁጥር መጣብኝ።

ቀጥታ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሔለንን ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ አገኘኋትና ያለ ሰላምታ «የባሌን ወረቀት አምጪው» አልኳት። ወደ ዶክተር አብዱልሃሚድ ይዛኝ ገባች። ዶክተሩ ሽበት የጀመረው ሶማሌ ነው፤ እሱ የሚለውን እሷ ታስረዳኛለች። ፋይሉን ገልጦ ረጅም ሰዓት አነበበ።

«ብግነቱን አይቼዋለሁ» አለ። «በጠብታ ብቻ እንደማይበርድም ጠርጥሬ ነበር። ግን ጠንካራው ክኒን ጉበት ይጎዳል፤ በየወሩ ደም መመርመር ያስፈልገዋል፤ በዚያ ላይ ያለን ጥቂት ነው። የምሰጠው ኑሮው ለተናጋበት ሰው ነው። ባልሽን በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ነኝ ይላል። ወረቀቱም ዘጠና ስድስት ይላል። እንዲህ የሚኖርን ሰው ጉበቱን ለምን ልጉዳ? ወረቀቱን አመንኩት።»

እድሜ ልኬን ወረቀት ያላመንኩ እኔ፣ ወረቀት በሚያምን ሐኪም ፊት ቆሜ ነበር።

«መልሱ የእሱ አይደለም» አልኩ። «የእኔ ነው። ዋሽቻለሁ። ልትመዘግቡን መስሎኝ፣ ልትመልሱን መስሎኝ። መርፌ አያይም። ሜትር አያነብም። ሥራውን ሴት እየደገፈችው ነው የሚሠራው።»

ሔለን ለዶክተሩ አስረዳች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቼ ነበር» አልኩ። ተቆጣሁ። «አንቺስ አልሐምዱሊላህን የምትከቢው ምን ሰምተሽ ነው? ሰው እንደዚያ ይጠየቃል? ሲልሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ደግመሽ ጠይቂው። በሦስተኛው ነው የሚነግርሽ።»

«ፎርሙ ጥያቄውን እንዳለ አንብቢ ነው የሚለው።»

«ፎርሙን ማን ወለደው?»

ዶክተሩ ምን እያልን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ራሱን ነቀነቀና ለነገ አምጪው አለ። አንድ ነገር ግን ጨመረ፤ ሚስትየዋ ውጭ ትቆይ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ምን እንዳገኘሁ አልነገርኩትም፤ እሱም ለምን እንደተጠራ አልጠየቀኝም። መንገድ ላይ እጁን ያዝኩት። እጄን አጥብቆ ሲይዘኝ፣ ድንጋይ በመጣ ቁጥር ወደኔ ሲጠጋ፣ ስንት ጊዜ ብቻውን እንደተደናቀፈ አሰብኩ።

ሔለን ወደ ውስጥ አስገባችው። በሩ በር አልነበረም፣ አረንጓዴ መጋረጃ ነው። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አትስሚ አላለችኝም፤ ብትለኝም እሰማ ነበር።

«በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ዝም አለች። ጎሽ። ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል።

«ከሻዕባን ወዲህስ?» አለች።

«ያው ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ደግማ ዝም አለች። «ጋሼ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«አይወስደኝም» አለ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወጣ። ያመዋል። ደመና የመሰለ ነገር ግራ ዓይኑ ላይ ይንሳፈፋል። ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚሄድበት፤ ሁለት ጊዜ መርፌው ጥፍሩን በስቶታል። ጥፍሩን አይቼዋለሁ፤ መኪናው ነው ብሎኝ ነበር። ሔለን በየመሐሉ ትጽፋለች። ቁጥሩ ምን ያህል እንደወረደ ሳላይ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሴት ባሏ ከፍ እንዲል ስትጸልይ እኔ ዝቅ በል፣ ዝቅ በል እያልኩ ነበር።

«የሰው ፊት መለየት ይቸግርዎታል?»

«በድምፅ አውቃለሁ።»

ዝምታ።

«ባለቤትዎንስ?»

«ቢልቂስን?» ሳቀ። «ቢልቂስን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ከመንገድ ማዶ ስትቆጣ ትሰማለች።»

ሔለንም ሳቀች፤ ሳቋን ጨርሳ ግን አልተነሳችም። ተቀመጠች።

«ፊቷን ካየሁ ቆየሁ» አለ ባሌ። ድምፁ ወረደ። «ከረመዳን በፊት ነው። ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ትቆማለች፤ ልማዷ ነው። ቤታችን ሌላ ብርሃን የለውም። ብርሃኑ ከኋላዋ ሲመጣ ዓይኔን ይወጋኛል፤ እሷ ጥቁር ነገር ብቻ ትሆንብኛለች። አልችልም፣ ፊቴን አዞራለሁ። መኪናውን ያዞርኩትም ለዚያ ነው። ጠላኝ ብላ እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ለምን አይነግሯትም?»

«ቢልቂስ ዓለምን ሁሉ ትጠረጥራለች። የማትጠረጥረው ቢኖር እጄን ነው። ይሰፋል፣ ያበላኛል ብላ ትተኛለች። እሱንም ልውሰድባት?»

ሻርፔን አፌ ውስጥ ከተትኩ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት በሶማሊኛ ምን ሆንሽ አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኳት፤ ከልማድ ነው። እሷ ግን የአገሯን ወግ ታውቃለችና ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

ቁጥሩ ከመቶ ሠላሳ አራት መጣ። በዚያው ቀን ክኒኑን ጀመረ።

በአራተኛው ወር ቀኝ ዓይኑ ጠራ። መርፌ ቀዳዳ ባያይም ሜትሩን ያነባል፤ ዓሥርን ከዓሥራ አንድ ይለያል። የግራው ግን አልተመለሰም። ዶክተር አብዱልሃሚድ በመሣሪያው ደጋግሞ አይቶ፣ ጠባሳው ከኋላ በኩል ነው፣ ሦስት ወር ቀደም ብለን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ምናልባት፣ አለ። ሔለን ይህን ስታስረዳን ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ነበር። ሦስት ወሩን ማን እንደበላው ማንም አልጠየቀም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆሜ «እኔ ነኝ» አልኩት። «ያን ቀን እኔ ነኝ የመለስኩት። ግራህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም አጠገብሽ ቆሜ ራሴን እነቀንቅ ነበር» አለ። «አንገቴ የእኔ ነው።» እንዲህ ያለኝ እንዲቀለኝ ነው። አልቀለለኝም።

ዳሂር ነገሩን ሰምቶ ከዩኒፎርሙ ግማሹን ለሌላ ሰፊ ሰጠ። ግማሹን ግን ተወልን፤ ከክፍሏም አልወጣንም። እኛን ሊመዘግብ የመጣም የለም። ሀዎን ይቅር በይኝ ብዬ አንድ ድሪያ፣ የእነሱን ስስ ቀሚስ፣ ባሌ ሰፋላት፤ ጠርዙን እኔ ዘመዘምኩት፤ ጠማማ ነው፣ ትለብሰዋለች። ሃያውን መርፌ አሁን ልብስ አጠባ ከመሄዴ በፊት ክር የማስገባላቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሔለን ወረቀቷን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ ልትጠይቀው መጣች። በዚህኛው ውጪ አላለችኝም። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ እንዴት ከባድ እንደሆነ አላህ ያውቃል። የሰው ፊት መለየት ይቸግርዎታል ስትለው ወደኔ ዞረና በቀኝ ዓይኑ አየኝ። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ነበር።

«አርጅታለች» አለ። «ግን እሷው ናት።»

ከሥራ ስመለስ አሁን በሩ ላይ አልቆምም። ገብቼ በግራው በኩል፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እቀመጣለሁ፤ እኔን ማየት ሲፈልግ አንገቱን ያዞራል። መንገዱን ከዚያም ሆኜ አያለሁ፤ አመሌ አልተወኝም። በግራው ሰው ሲገባ «ማን ነው?» ይለኛል። ያየሁትን እነግረዋለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜም አልዋሸሁትም።